ይህ ሞለኪውል ሕዋስ ውስጥ የት ይቀመጣል? በውሃ፣ በዘይትና በእርሳስ የሚሠራ መመሪያ

"ዘይት ውሃን ይጠላል" ሲባል ስሰማ ለዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ። ለዘይትና ለመሰሎቹ የተሰጣቸው ስም ራሱ ያሳስታል። "ውሃ ጠል" ሲባል በመካከላቸው ጠብ ያለ ይመስላል። ጠብ ግን የለም። የዘይት ሞለኪውልና የውሃ ሞለኪውል ሲጠጋጉ፣ ደካማ ቢሆንም፣ ይሳሳባሉ። ነገሩን ያመጣው ሌላ ነው፤ ውሃ ከማንም በላይ የሚወደው ራሱን ነው። ዘይቱ በውሃና በውሃ መሃል የገባ እንግዳ ነው።

ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ ብዙ ነገር ይከፈታል። የሕዋስ ሽፋን ለምን ያለ ሙጫ ተያይዞ እንደሚቆም፣ ፕሮቲን ለምን እንደሚተጣጠፍ፣ አንዱ ሆርሞን በሽፋኑ ሰርጎ ሲገባ ሌላው ለምን በር ላይ እንደሚቀር። ይህ መመሪያ መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በወረቀት ያሠራችኋል። ስትጨርሱ የማታውቁትን ሞለኪውል ስዕል አይታችሁ "ይሄ ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል፣ ይሄ ውጭ ይቀራል" ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ። ሁሌ ትክክል ትሆናላችሁ አልልም። ብዙ ጊዜ ግን ትሆናላችሁ።

የሚያስፈልገው፦ ክዳን ያላቸው 3 የመስታወት ጠርሙሶች፣ የምግብ ዘይት፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ አንድ እንቁላል፣ ትንሽ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ሰፊ ሳህን፣ ስቴኪኒ፣ መቀስ፣ ወረቀት፣ እርሳስና ካልኩሌተር። ሰዓት ስልካችሁ ላይ አለ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

እርምጃ 1፦ ናጡትና ሰዓት ያዙ

አንዱን ጠርሙስ እስከ ግማሹ ውሃ ሙሉት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ክዳኑን አጥብቁና ለ20 ሰከንድ በደንብ ናጡት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሰዓት ያዙ።

ብዙ ሰው "ዘይቱ ላይ ወጣ" ብሎ እዚህ ጋ ያልፋል። ላይ መውጣቱ ከውሃ ስለሚቀል ነው፤ እሱን ተዉት። እናንተ ጠርሙሱን ወደ ዓይናችሁ አስጠጉና ትንንሾቹን ጠብታዎች ተመልከቱ። ሁለት ጠብታ ሲገናኝ አንድ ይሆናል። አንዱ ሌላ ያገኝና ይተልቃል። ወደኋላ ተመልሶ የሚበታተን አታዩም።

አሁን ይህን በቁጥር እንየው። 1 ሚሊ ሊትር ዘይት አንድ ድቡልቡል ጠብታ ቢሆን፣ ከውሃ ጋር የሚነካካው ገጹ ወደ 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያው ዘይት እያንዳንዳቸው 10 ማይክሮ ሜትር ወደሚሰፉ ጠብታዎች ቢበተን ገጹ 6,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይዘቱ አልተለወጠም። ድንበሩ ግን ከሺህ ጊዜ በላይ ሰፋ። ጠብታዎቹ ሲዋሃዱ ያያችሁት ይህ ድንበር ሲቀንስ ነው።

ድንበሩ መቀነሱ ለማን ይጠቅማል? ለውሃው።

አንድ የውሃ ሞለኪውል እስከ አራት ጎረቤቶች ድረስ በሃይድሮጅን ትስስር መያያዝ ይችላል። በሁለቱ ሃይድሮጅኖቹ ሁለት ይይዛል፣ በኦክስጅኑ በኩል ሁለት ይያዛል። ይህ ይዞ መቆም አይደለም። አንዱን ለቅቆ ሌላውን ይይዛል፤ አንዱ ትስስር የሚቆየው ከሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው። አጋር በየቅጽበቱ የሚቀያየርበት ጭፈራ በሉት። አሁን መሃል ላይ የዘይት ጭራ አስገቡ። የዘይት ጭራ ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ነው፤ በዚህ መንገድ የሚያዝ እጅ የለውም። አጠገቡ ያለው ውሃ ትስስሩን እንዳያጣ ሲል ፊቱን ወደ ሌሎቹ ውሃዎች ያዞራል። ትስስሩን አዳነ። ነጻነቱን ግን አጣ፤ መዞር የሚችልባቸው አቅጣጫዎች ቀነሱ። ፊዚክስ ይህን የነጻነት መቀነስ የኤንትሮፒ መቀነስ ይለዋል። ተፈጥሮ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር በነጻ አትሰጥም።

ሁለት የዘይት ሞለኪውሎች ሲጠጉ በመካከላቸው የነበረው ውሃ ይለቀቃል። ወደ ጭፈራው ይመለሳል። ዘይቶቹን ያገናኛቸው ፍቅር ሳይሆን የውሃው ነጻ መውጣት ነው። የሃይድሮፎቢክ (ውሃ ጠል) ኃይል የሚባለው በአብዛኛው ይኸው ነው። ዋልተር ካውዝማን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1959 ፕሮቲንን የሚያጣጥፈው ዋናው ነገር ይህ እንደሆነ ጽፎ ብዙዎችን አሳመነ።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ የነጻነት ታሪኩ የሚሠራው ለትንንሽ ሞለኪውሎች ነው። ገጹ ከ1 ናኖ ሜትር አካባቢ ሲያልፍ ውሃው እንደፈለገ ዞሮ ማምለጥ ያቅተዋል። ያኔ ትስስሩንም ጭምር ያጣል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ መጻሕፍት ውሃው ዘይቱን ከቦ "እንደ በረዶ ይጠጥራል" ይላሉ። ሐሳቡ በ1945 በፍራንክና በኤቫንስ የቀረበ ነው። ለማስታወስ ይመቻል፤ ቃል በቃል ግን አትውሰዱት። በዘይት ሞለኪውል ዙሪያ ያለው ውሃ ፈሳሽ ውሃ ነው፤ ትንሽ ጨዋ የሆነ ፈሳሽ ውሃ።

እርምጃ 2፦ ቁንዶ በርበሬውን አባርሩት

ሳህኑን እጠቡ። ከታጠበ በኋላ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው፤ የመጀመሪያ ቀን ሙከራው እምቢ ያለኝ ሳህኑ ላይ በቀረች ትንሽ ሳሙና ምክንያት ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በርበሬውን ስወቅስ ነበር።

ውሃ ጨምሩበት። ቁንዶ በርበሬውን በስሱ ነስንሱ። የስቴኪኒውን ጫፍ ዘይት አስነክታችሁ የውሃውን መሃል ንኩት። በርበሬው ትንሽ ይሸሻል። ውሃውን ደፍታችሁ፣ ሳህኑን አጥባችሁ፣ በአዲስ ስቴኪኒ በሳሙና ድገሙት። አሁን በርበሬው ብን ብሎ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል።

የሸሸው በርበሬው አይደለም። የውሃው ገጽ እንደተወጠረ ላስቲክ ነው፤ ሳሙናው የነካው ቦታ ይላላል፣ ያልተነካው ገጽ ይጎትታል። በርበሬው በዚያ ላይ የተሳፈረ መንገደኛ ነው።

ዘይቱ መሰራጨቱን ግን ልብ በሉ። ውሃ ዘይትን በእርግጥ የሚገፋው ቢሆን ዘይቱ ገጹ ላይ ተሰብስቦ እንደ ዶቃ ይቆም ነበር። ተንጣለለ። ስለዚህ "ይጠላዋል" የሚለው አባባል ሳህናችሁ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1774 ባሳተመው ጽሑፍ ለንደን አጠገብ ክላፋም በሚባል ቦታ ኩሬ ላይ ስላደረገው ሙከራ ይተርካል። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ዘይት ጠብ አደረገ፤ ዘይቱ ግማሽ ኤከር የሚያህል ውሃ ሸፈነ። ያንን ስሌት እናንተ ጨርሱት። ግማሽ ኤከር ወደ 2,000 ካሬ ሜትር ነው። ማንኪያው 2 ሚሊ ሊትር ይዞ ከነበረ የንጣፉ ውፍረት 1 ናኖ ሜትር ይሆናል። 5 ከነበረ 2.5። በሁለቱም በኩል የአንድ ሞለኪውል ቁመት አካባቢ ነው። ሰውየው ሳያስበው ሞለኪውል ለክቶ ነበር። እሱ ራሱ ግን ስሌቱን አልሠራውም!

ይህን ነገር በሥርዓት መለካት የጀመረችው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ያልገባች ሴት ናት። አግነስ ፖከልስ ጀርመን ውስጥ ቤቷ፣ ኩሽናዋ ውስጥ፣ የውሃን ገጽ ውጥረት የምትለካበት ትሪ ሠራች። ውጤቷን ለእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሎርድ ሬይሊ በደብዳቤ ላከችለት። እሱም በ1891 ኔቸር መጽሔት ላይ እንዲወጣላት አደረገ። ዕቃ ስታጥቡ ውሃው ላይ የሚሆነውን አትናቁ።

እርምጃ 3፦ ሁለት ፊት ያላቸውን አስገቡ

በሌሎቹ ሁለት ጠርሙሶች እንደመጀመሪያው ውሃና ዘይት ጨምሩ። በአንዱ አምስት ጠብታ ሳሙና። በሌላው ግማሽ የሻይ ማንኪያ የእንቁላል አስኳል። ሁለቱንም ለ20 ሰከንድ ናጧቸውና ከመጀመሪያው ጠርሙስ ጋር አስተያዩአቸው። ጥሬ እንቁላል ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

ሁለቱም ወተት መስለው ይቆያሉ። ጠብታዎቹ ቶሎ አይዋሃዱም። ሳሙናም፣ አስኳሉ ውስጥ ያለው ፎስፎሊፒድ የሚባል የስብ ዓይነትም ባሕርያቸው ተመሳሳይ ነው፤ አንድ ጫፋቸው ውሃ ይወዳል፣ ጭራቸው ዘይት ነው። በድንበሩ ላይ ይቆማሉ። ጭራውን ወደ ዘይቱ፣ ራሱን ወደ ውሃው። (በአስኳሉ ውስጥ ፕሮቲንም አለ፤ እሱም እያገዘ ነው።)

ታዲያ ሕዋስ ሽፋኑን ከፎስፎሊፒድ እንጂ ለምን ከሳሙና አልሠራም? ይህን በመቀስ ማየት ይቻላል። ከወረቀት 15 ሾጣጣ ቅርጾች ቁረጡ፤ ራሱ ሰፊ፣ ጭራው ቀጭን። ሌላ 15 ደግሞ ከላይ እስከ ታች እኩል የሚሰፉ አራት ማዕዘኖች ቁረጡ። ሾጣጣዎቹን ጎን ለጎን አጣብቋቸው። ሳታስቡት ይጠማዘዙና ክብ ይሆናሉ፤ ጭራ መሃል፣ ራስ ውጭ። ሳሙና ውሃ ውስጥ የሚሠራው ኳስ ይኼ ነው፤ ሚሴል ይባላል። አራት ማዕዘኖቹን አጣብቋቸው። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣችኋል።

ሳሙና አንድ ጭራ ነው ያለው፤ ሾጣጣ ነው። ፎስፎሊፒድ ሁለት ጭራ አለው፤ ወገቡ ከራሱ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ኳስ አይሠራም፣ ንጣፍ ይሠራል። የንጣፉ አንድ ወገን ግን አሁንም ዘይት ነው፤ ለውሃ የተጋለጠ። በሁለተኛው መስመር አራት ማዕዘኖች ጭራ ለጭራ ግጠሙት። ድርብ ንጣፍ ሆነ። ጫፎቹስ? ጫፎቹ ላይም ጭራ ይታያል፤ ንጣፉ እየታጠፈ ጫፍና ጫፉ ይገጥማል። ከረጢት። እንግሊዛዊው አሌክ ባንጋም በ1960ዎቹ እንዲህ ያሉትን ከረጢቶች በአጉሊ መነጽር ያየው ፎስፎሊፒድ ላይ ውሃ በመጨመር ብቻ ነበር። የሠራቸው ማንም የለም። የሠራቸው ውሃው ነው።

ሽፋኑ ድርብ መሆኑ የታወቀበት ታሪክ ያስቃል። በ1925 ጎርተርና ግሬንደል የሚባሉ ሆላንዳውያን ከቀይ የደም ሕዋሳት ስቡን አወጡ። ውሃ ላይ አንጥፈው ለኩት። የሕዋሳቱን ገጽ ሁለት እጥፍ የሚሸፍን ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ድርብ ነው አሉ። ትክክል ነበሩ። በኋላ ሲታይ ግን ሁለት ስሕተት ሠርተው ነበር፤ ስቡን ሙሉ በሙሉ አላወጡትም፣ የሕዋሱንም ገጽ አሳንሰው ገምተዋል። ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው መልሱ ልክ መጣ። እኔ ፈተና ላይ እንዲህ ዓይነት ዕድል ገጥሞኝ አያውቅም።

ወረቀታችሁ ላይ ድርቡን ንጣፍ ሳሉና ቁጥሮቹን ጻፉበት፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን። ጠቅላላ ውፍረት፣ ወደ 5 ናኖ ሜትር። ከዚያ ውስጥ መሃሉ ያለው ዘይት፣ ወደ 3 ናኖ ሜትር።

ንጣፉ ግድግዳ አይደለም፤ ፈሳሽ ነው። አንድ ፎስፎሊፒድ በራሱ ረድፍ ውስጥ በሰከንድ ሁለት ማይክሮ ሜትር ያህል ሊንሸራሸር ይችላል። ከላይኛው ረድፍ ወደ ታችኛው መገልበጥ ግን በራሱ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጅበታል፤ ውሃ ወዳድ ራሱ በዚያ 3 ናኖ ሜትር ዘይት ማለፍ አለበትና። የጭራው ቅርጽም ለውጥ ያመጣል። ጭራው ላይ ድርብ ትስስር ካለ ይጎብጣል፤ ከጎረቤቱ ጋር አልጠጋጋ ይላል፣ ሽፋኑ ይላላል።

ሳሙና ኮሮናን ጨምሮ ስብ ሽፋን ያላቸውን ቫይረሶች የሚያፈርሰው ለምን እንደሆነም አሁን ወረቀቱ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ከአራት ማዕዘኖቹ መሃል ሾጣጣዎቹን ሰካክታችሁ ቀጥ ለማድረግ ሞክሩ። አይቻልም።

እርምጃ 4፦ ማን ያልፋል? ሦስት ጥያቄ

አሁን ወረቀትና እርሳስ። የፈለጋችሁትን ሞለኪውል መዋቅር ከመማሪያ መጽሐፍ ወይም ከኢንተርኔት አውጡ። በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ።

መጀመሪያ፣ ቻርጅ (ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል) አለው? ካለው ብዙውን ጊዜ እዚሁ ጨርሳችኋል፤ አያልፍም። ሶዲየም ኢምንት ናት፤ ግን ውሃ ከቧት ነው የምትሄደው። ዘይት ውስጥ ለመግባት ያንን ውሃ መተው አለባት፤ ዋጋው አይቻልም።

ቀጥሎ፣ ውሃ የሚይዙ እጆቹ ስንት ናቸው? ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አብረው የተንጠለጠሉባቸውን ቦታዎች፣ ናይትሮጅን ያለባቸውን ቦታዎች ቁጠሩ። እያንዳንዱ እጅ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውሃውን መልቀቅ አለበት።

በመጨረሻ፣ ምን ያህል ይተልቃል? ትንሽ ከሆነ የእጆቹ ጥፋት ይቅር ሊባልለት ይችላል።

እንሞክረው። ኦክስጅን፦ ቻርጅ የለው፣ የሚረባ እጅ የለው፣ ትንሽ ነው። ያልፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ። ግሉኮስ፦ ቻርጅ የለውም፤ ግን ቀለበት ሆኖ ሲቆም አምስት የኦክስጅንና ሃይድሮጅን እጆች አሉት። በራሱ አያልፍም፤ ተሸካሚ ፕሮቲን ይፈልጋል። ኢስትራዲዮል፦ አራት ቀለበት፣ 18 ካርቦን፣ ሁለት እጅ ብቻ። ያልፋል። ለዚህም ነው ዋናው ተቀባዩ፣ መልእክቱን የሚቀበለው ፕሮቲን፣ ሕዋሱ ውስጥ የሚገኘው። አድሬናሊን፦ በሰውነት ውስጥ አብዛኛው ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ነው የሚሄደው፤ በዚያ ላይ ሦስት እጅ አለው። አያልፍም። ተቀባዩም ደጅ ላይ፣ የሽፋኑ ገጽ ላይ ተተክሎ ይጠብቀዋል። ሁለቱም ሆርሞን ናቸው። የሚለያዩት መልእክታቸውን በሚያደርሱበት መንገድ ነው፤ መንገዱን የወሰነው ውሃ ነው።

ኮሌስትሮልን ለብቻው ሥሩት። 27 ካርቦን፣ አንድ እጅ። የሚሄድበት ሳይሆን የሚቀመጥበት ቦታ ነው የሚገርመው። እጇን ወደ ውሃው አውጥታ፣ ሌላው ሰውነቷ ጭራዎቹ መሃል ተሰክቶ ትቀመጣለች። ደም ውስጥ ለብቻዋ መንሳፈፍ አትችልም፤ በፕሮቲንና በስብ ቅንጣት ተጭና ነው የምትጓዘው። ሐኪም ስለ "መጥፎውና ጥሩው ኮሌስትሮል" ሲነግራችሁ የሚነግራችሁ ስለ መኪናዎቹ ነው እንጂ ስለ ተሳፋሪዋ አይደለም።

ራሱ ውሃስ? ትንሽ ስለሆነ በዘይቱ በኩል ጥቂት ጥቂት ይሾልካል። እንደ ኩላሊት ላለ ሥራ የሚበዛበት ቦታ ግን አይበቃም። ፒተር አግሬ የተባለ አሜሪካዊ የውሃን መተላለፊያ ፕሮቲን አገኘ፤ አኳፖሪን ይባላል። በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተጋራበት። አንዷ ቱቦ በሰከንድ ወደ 3 ቢሊዮን የውሃ ሞለኪውል ታሳልፋለች።

ግምታችሁን በቁጥር ማየት ከፈለጋችሁ የመድኃኒት ሰዎች ሎግ ፒ የሚሉትን ቁጥር ፈልጉ። ሞለኪውሉን ከውሃና ኦክታኖል ከሚባል ቅባት መሰል አልኮል ጋር ናጡና የት እንደበዛ ለኩ ማለት ነው፤ የእርምጃ 1 ጠርሙስ፣ ኮት ለብሶ። ሎግ ፒ 3 ከሆነ ኦክታኖሉ ውስጥ ያለው መጠን የውሃውን 1,000 ጊዜ ያጥፋል። ዜሮ ከሆነ እኩል ነው። ክሪስቶፈር ሊፒንስኪና ባልደረቦቹ በ1997 ባወጡት ታዋቂ መመዘኛ በአፍ ለሚዋጥ መድኃኒት ይህ ቁጥር ከ5 ባይበልጥ ይመረጣል። ለምን የላይ ወሰን አስፈለገ? ዘይትነቱ ከበዛ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ወይም መጀመሪያውኑ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ በር ድረስ የሚያደርሰው አያገኝም።

አንድ ወጥመድ አለ። ቻርጅ ቋሚ አይደለም። አስፕሪን ደካማ አሲድ ነው። ጨጓራ ውስጥ፣ አሲድ በበዛበት፣ አብዛኛው ቻርጅ የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኔጋቲቭ ይሆናል። አንድ ሞለኪውል፣ ሁለት መልስ። ስለዚህ ከመቁጠራችሁ በፊት የት እንዳለ ጠይቁ።

እርምጃ 5፦ ፕሮቲኑን በካልኩሌተር አንብቡት

ፕሮቲን የ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። አንዳንዶቹ ዘይት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ውሃ ወዳድ። ጃክ ካይትና ረስል ዱሊትል በ1982 ለእያንዳንዳቸው ነጥብ ሰጡ። ፖዘቲቭ ማለት ከውሃ ይሸሻል፣ ኔጋቲቭ ማለት ውሃ ይፈልጋል። ለዛሬ የሚያስፈልገንን ቅዱ።

አይሶሉሲን 4.5
ቫሊን 4.2
ሉሲን 3.8
ፌኒላላኒን 2.8
ሜታዮኒን 1.9
አላኒን 1.8
ግላይሲን ‑0.4
ትሪዮኒን ‑0.7
ግሉታሜት ‑3.5
ላይሲን ‑3.9
አርጂኒን ‑4.5

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሰንሰለቱ 19 ተከታታይ አሚኖ አሲዶችን ውሰዱ። ነጥባቸውን ደምሩ፣ ለ19 አካፍሉ። አንድ ወደፊት ተንሸራተቱና ድገሙት። አማካዩ ከ1.6 ካለፈ፣ ያ ቁራጭ ሽፋኑን ሰንጥቆ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል።

በእውነተኛ ፕሮቲን እንሥራው። ግላይኮፎሪን ኤ ቀይ የደም ሕዋስ ሽፋን ላይ የሚገኝ 131 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ነው። ከመሃሉ የሚከተለውን ቁራጭ ውሰዱ፦ አይሶሉሲን፣ ትሪዮኒን፣ ሉሲን፣ አይሶሉሲን፣ አይሶሉሲን፣ ፌኒላላኒን፣ ግላይሲን፣ ቫሊን፣ ሜታዮኒን፣ አላኒን፣ ግላይሲን፣ ቫሊን፣ አይሶሉሲን፣ ግላይሲን፣ ትሪዮኒን፣ አይሶሉሲን፣ ሉሲን፣ ሉሲን፣ አይሶሉሲን። ቁጠሩ፤ 19 ናቸው።

ስድስት አይሶሉሲን 27 ይሆናል። ሦስት ሉሲን 11.4። ሁለት ቫሊን 8.4። ፌኒላላኒን 2.8፣ ሜታዮኒን 1.9፣ አላኒን 1.8። ከዚህ የሁለት ትሪዮኒን 1.4ና የሦስት ግላይሲን 1.2 ቀንሱ። ድምሩ 50.7። ለ19 ሲካፈል ወደ 2.67። ወሰኑን በሰፊው አልፏል። እውነትም ይህ ፕሮቲን ሽፋኑን የሚያቋርጠው በዚህ ቦታ፣ አንዴ ብቻ ነው።

ለምን 19? እኔ በዚህ ጉዳይ ከሁሉም የምወዳት ክፍል ይህች ናት። ሰንሰለቱ ሽፋኑ ውስጥ ሲገባ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይጠቀለላል፤ አልፋ ሄሊክስ ይባላል። እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ 0.15 ናኖ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። 20 አሚኖ አሲድ፣ 3 ናኖ ሜትር። አሁን እርምጃ 3 ላይ የሳላችሁትን ንጣፍ አውጡና የመሃሉን ዘይት ውፍረት እዩት።

መጠቅለሉም ያለ ምክንያት አይደለም። የሰንሰለቱ አከርካሪ ራሱ ውሃ ወዳድ እጆች አሉት፤ በየአሚኖ አሲዱ። ዘይት ውስጥ የሚይዛቸው ውሃ የለም። ሲጠቀለል ግን እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ውጭ የሚታየው ዘይታማው ጎን ብቻ ይሆናል።

ዘዴው ሁለት ቦታ ላይ ያታልላል። ፕሮቲኑ ወደ ውጭ እንዲላክ የሚያደርገው የመጀመሪያው ቁራጭ ዘይታማ ስለሆነ ሽፋን አቋራጭ መስሎ ይታያል፤ በኋላ ግን ተቆርጦ ይጣላል። በሌላ በኩል የአንዳንድ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋን ላይ ያሉ በርሜል መሰል ፕሮቲኖች አንዱ ዘይት፣ አንዱ ውሃ ወዳድ እያሉ ስለሚሄዱ አማካዩ ዝቅ ይልና ያመልጧችኋል።

ውሃ ውስጥ የሚኖር ፕሮቲን ላይ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ረጅም ዘይታማ ቁራጭ አታገኙም። ዘይቶቹ በየቦታው ተበትነው ናቸው። ሰንሰለቱ ሲተጣጠፍ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ልክ ጠርሙሱ ውስጥ እንዳሉት ጠብታዎች። የተረፈውን የእንቁላል ነጭ ክፍል መጥበሻ ላይ አድርጉና እዩት። ሙቀቱ ጥቅሉን ይፈታዋል። የተደበቁት ዘይታማ ክፍሎች ይጋለጣሉ። ውሃው አይተዋቸውም፤ የአንዱን ፕሮቲን ዘይት ከሌላው ጋር ያጋጥመዋል። ጥርት ያለው ፈሳሽ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ቢቀዘቅዝም አይመለስም።

እርምጃ 6፦ አንዷን ለውጡ

የመጨረሻው ልምምድ አጭር ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ የሂሞግሎቢን፣ ቤታ ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲድ አለው። ስድስተኛው ግሉታሜት ነው፣ ‑3.5። እሱን ሰርዙና ቫሊን አስገቡ፣ 4.2። ልዩነቱ 7.7 ነጥብ ነው፤ በፕሮቲኑ ገጽ ላይ፣ ውሃ በሚያየው ቦታ።

ከመቀጠላችሁ በፊት ምን እንደሚሆን ገምታችሁ ጻፉ።

ቬርነን ኢንግራም በ1957 የማጭድ ሕዋስ ደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ሂሞግሎቢን ላይ ያገኘው ለውጥ በትክክል ይኼ ነው። ሂሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲያራግፍ ቅርጹ ይቀየርና ጎኑ ላይ ትንሽ ዘይታማ ኪስ ይከፈታል፤ ቦታ 85 ላይ ያለው ፌኒላላኒንና ቦታ 88 ላይ ያለው ሉሲን የሠሩት። የአንዱ ሂሞግሎቢን ቫሊን የሌላው ኪስ ውስጥ ይገባል። ያኛው ደግሞ ሌላውን ይይዛል። ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ ገመድ ይሆናል፣ ቀይ ሕዋሱን ከውስጥ ወጥሮ እንደ ማጭድ ያጎብጠዋል። ሳንባ ውስጥ ኦክስጅን ሲመለስ ኪሱ ይዘጋል፤ ቫሊኑ ይወጣል፤ ገመዱ ይፈታል። ሕዋሱ ብዙ ጊዜ ከጎበጠ ግን ሽፋኑ ይጎዳና እንደጎበጠ ይቀራል።